የአካለ ወልድ ጿሚ ዓሦች

አካለ ወልድ ቅኔ ቤት ሳለ አንዲት ጉባኤ ቃና መሙላት አቅቶት እንደ ነበር የማያውቅ የሉማሜ ሰው የለም። ጉባኤ ቃና ከቅኔ ሁሉ አጭሯ ናት፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው ያላት። ጓደኞቹ እሷን አልፈው ወደ ረጃጅሞቹ ሲገሰግሱ እሱ አንደኛውን ስንኝ ይዞ ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ ጠበቀ። ሁለተኛው ስንኝ እንደ ቀረ ቀረ፤ በምትኩ የመምህሩ ልጅ አመተ ማርያም ዓይኑ ውስጥ ገባች። ሽማግሌ ልኮ አገባት፤ ቅኔውንም እዚያው አጋማሹ ላይ ትቶት ወጣ። አገሩም፣ «ከየኔታ ቤት መውሰድ ያለበትን ወስዷል፤ ምን ቀረው?» ብሎ አሾፈበት።

የኔታ ፍቅረ ሥላሴ በዚህ ተቀይመው እንደ ሆነ ከፊታቸው አይታወቅም። የእሳቸው ፊት በደስታውም በሐዘኑም ጊዜ አንድ ነው፤ ተማሪ ቅኔ ሲያበላሽ የሰማ ሰው ፊት ነው።

ከሠርጉ በኋላ ባልና ሚስት ደብረ ማርቆስ ገቡ። አካለ ወልድ ሽንኩርት ነገደ፤ ሽንኩርቱ በሰበሰ። ባጃጅ ነዳ፤ ባጃጁ የሰው ነበርና ባለቤቱ ወሰደው። በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. የግብርና ባለሙያዎች «ዓሣ አርቡ» እያሉ በየቀበሌው ሲዞሩ እሱ ሥራ ፈትቶ ሉማሜ ተመልሶ ነበር። ገበሬው ሁሉ ሳቀ። የዚህ አገር ሰው ጤፍ ያውቃል፣ በሬ ያውቃል፣ ንብ ያውቃል፤ ዓሣ የባሕር ዳር ሰው ጉዳይ ነው። እጁን ያወጣ አካለ ወልድ ብቻ ነበር። ከአባቱ በደረሰችው የወንዝ ዳር መሬት ላይ ኩሬ አስቆፈረ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ውኃ በሞላው ፌስታል አድርጎ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ አመጣ፣ ከኩሬው ራስጌም ቤት ሠራ። ጎረቤቱ ፈንታ መጥቶ ውኃውን ሲያይ ሲያይ ቆየና፣ እነዚህን ከብቶች ማን ነው የሚያግዳቸው ብሎ ጠየቀው።

ቤቱ ሲመረቅ የኔታ መጡ። ለሌላው እንግዳ የበግ ወጥ ሲቀርብ ለእሳቸው ለብቻ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፤ የሙያው በኩር ነዋ። የኔታ ባረኩ፤ ሆዳቸውን እንዳመማቸው ተናግረው ሳይቀምሱ ወጡ። በሌላ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ የዓሣ ጉላሽ ቀረበ፤ በልተው መምጣታቸውን ተናገሩ። በሦስተኛው ጊዜ ዓሣ ለብለብ ቀረበ፤ ነገ ቀዳሽ ነኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ፤ እሳቸው በመጡ ቁጥር ዓሣ ይቀርባል፣ ዓሣ በቀረበ ቁጥር እሳቸው ይነሣሉ።

የአካለ ወልድን አንጀት የሚያቃጥለው ይህ ነበር። በዚህ አገር አማቹ እህል ያልቀመሰለት ሰው ቤት አለኝ ብሎ ደረቱን አይነፋም። ሚስቱ አፍ አውጥታ ምንም አትለውም፤ ነገር ግን አባቷ ሳይበሉ በሄዱ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል፣ እስከ ማግሥቱም አይፈታም። አንዳንዴ ሌላ ነገር ልሥራላቸው ስትለው እሱ እሺ አይልም። «ማምለጫ ልታበጂላቸው ነው?» ይላታል። በእሱ ቤት ዓሣውን አለመብላት እሱን አለመብላት ነው። ቅኔውን የተውሁ ጊዜ ቂም ይዘውብኛል፣ ሙያዬንም ንቀውታል ብሎ ደምድሟል፤ ዓሣውን የበሉ ቀን ብቻ ቂሙ ይፈታል።

ምክንያት ሁሉ ሲያልቅባቸው የኔታ አንድ ቀን ዓሦቹን ምን እንደሚመግባቸው ጠየቁት። አካለ ወልድ ሙያ የተጠየቀ መስሎት ደስ ብሎት ዘረዘረ። ፉርሽካ አለ፣ የኑግ ፋጉሎ አለ፤ እንዲወፍሩ ደግሞ ከቄራ የደረቀ ደም ያመጣል፣ ከጣና ዳርም የዓሣ ራስና አንጀት ተፈጭቶ፣ ቅባቱም ሳይቀር ይመጣለታል። ይህን ሁሉ አሽቶ በሥጋ መፍጫ እንደ ማካሮኒ ያወጣዋል። የኔታ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«ደም የጠጣ፣ ወንድሙን የበላ» አሉ። «እንዴት አድርጌ እበላዋለሁ?»

ይህን ብለው ሲወጡ ርምጃቸው ቀለል ብሎ ነበር። አካለ ወልድ ግን የሰማው ፍርድ ሳይሆን ተስፋ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት ተሰጥቶታል፤ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ መፍትሔ አለው።

መፍትሔውን ይዞ የመጣው ኃይለ ሚካኤል የሚባል የፕሮጀክት አስተባባሪ ነው። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሶ በእያንዳንዱ ኪስ እስክሪብቶ ሰክቶ ይዞራል። «ዘላቂ» የምትል ቃል ይወድዳል፤ ዘላቂ መኖ፣ ዘላቂ ኩሬ፣ ዘላቂ አርሶ አደር ይላል። የፕሮጀክቱ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። በሁለት ሺህ አምስት ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ውስጥ ዎርክሾፕ ጠራ። ዓሣ የሚያረቡት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አለቁ፤ የቀረውን አዳራሽ የሞላው ዓሣ ከሳህን ላይ በቀር አይቶ የማያውቅ አበል ጠባቂ ነበር።

ኃይለ ሚካኤል ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ አስረዳ። በዓለም ላይ ዓሣ የሚያረባ ሁሉ ለሚያረባው ዓሣ የሚሰጠውን ቅባት ከባሕር ትናንሽ ዓሦች ይጨምቃል፤ በዚህ ዓይነት ባሕሩ ሊራቆት ነው። ይሁን እንጂ ያ የሚፈለገው ቅባት የትናንሾቹ ዓሦች የራሳቸው አይደለም። እነሱም የሚያገኙት አልጌ ከሚባለው የውኃ ተክል ነው። ስለዚህ ዘይቱን በቀጥታ ከአልጌው ጨምቆ ለዓሣው ማብላት ይቻላል፤ ዓሣ ለዓሣ ብሎ የሚሞትበት ነገር ይቀራል። አካለ ወልድ እስከዚህ ድረስ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበር። ይኼኔ ግን ብድግ አለና በሙሉ አዳራሽ ፊት ጠየቀ።

«የጾም ነው ማለት ነው?»

ኃይለ ሚካኤል በተዘጋጀባቸው ጥያቄዎች ውስጥ ይህ አልነበረበትም። ትንሽ አሰበና፣ መቶ በመቶ ከተክል የተሠራ መሆኑን፣ ዘላቂም እንደ ሆነ ገለጸ። አካለ ወልድ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ትምህርቱን ከልቡ የተቀበለ ብቸኛው ሰው ነው፤ በፎቶው ላይም ከፊት አቁመውታል።

አልጌ የሚሉት በቆመ ውኃ ላይ የሚጋግረው ያ አረንጓዴ ነገር ነው። በአካለ ወልድ ኩሬ ሞልቶ ነበር፤ ቆሮሶም እሱን ሲለቃቅም ይውላል። ነገር ግን ባለሙያ በመጣ ቁጥር ኩሬህ ቆሽሿል፣ ለጎብኚ አያምርም እያለ ስለሚቆጣው፣ አካለ ወልድ ሱሪውን ሰብስቦ እየገባ አረንጓዴውን በወንፊት ይገፍፍና ከጎመኑ ሥር ይደፋው ነበር። አሁን ያው አረንጓዴ ነገር በሰው አገር ፋብሪካ ገብቶ፣ ተጨምቆ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጦ በሰማያዊ በርሜል በፕሮጀክቱ በኩል ሉማሜ ደረሰለት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይኼ ነው። ጎመኑ ብቻ በዚያ ዓመት አምሮበት ነበር።

በርሜሉ የክብር ቦታ አገኘ፤ ፀሐይ እንዳይነካው ጓዳ ገባ። በዚያ ሰሞን የምግብ ዘይት ጠፍቶ ሰው ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ጀሪካኑን አሰልፎ ይውላል። አመተ ማርያም ተሰልፋ ውላ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስትመለስ፣ ባሏ ፉርሽካውን ከውጭ አገር ዘይት ጋር ሲያሽ ታገኘዋለች። አንድ ቀን ቆማ ስታየው ቆየችና፣ ዓሣ ሆኜ በተፈጠርሁ ብላ ገባች። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ጾመ ነቢያት ሲገባ አካለ ወልድ የኔታን በክብር ጠርቶ በርሜሉ ፊት አቆማቸው። ደሙ ቀርቷል፣ ራሱና አንጀቱ ቀርቷል፣ ዓሦቹ ከእንግዲህ የሚበሉት ተክልና የተክል ዘይት ብቻ ነው። የኔታ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል አሉ። አካለ ወልድም፣ ዓሣ ነው እሱን የሚሸተው እንጂ እሱ ዓሣ አይሸትም ብሎ መለሰ። ይህን የመሰለ መልስ ቅኔ ቤት ሳለ ቢመጣለት ኖሮ ዛሬ ቀኝ ጌታ ነበር። የኔታ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ድስቱ ከተጣደበት ከማድቤቱ የሚመጣውን ሽታም ሰሙ።

«ሰዓቱስ?» አሉ።

«የምን ሰዓት የኔታ?»

«ጾም በምግቡ ብቻ ነው እንዴ? አንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍህን ዘግተህ ትውላለህ። እሱ ከጠዋት ጀምሮ ሲበላ ይውላል። እኔ እየጾምሁ እሱ እየበላ የወፈረውን እንዴት እበላለሁ?»

ለማምለጥ ያሏት ነገር ነበረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የኔታ ቤታቸው ሳይደርሱ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። አካለ ወልድ ከማግሥቱ ጀምሮ ዓሦቹን አስጾመ። ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማቱም ቀን ሁሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አንዲት ፍርፋሪ ኩሬው ውስጥ አትወድቅም።

አገሩ ይስቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልሳቀም። በዓሣ ማርባት የሳቀ ሰው በጾም አይስቅም። ፈንታ ራሱ፣ ያ ከብቶቹን ማን ያግዳቸዋል ያለው፣ ዱላውን ይዞ ኩሬው ዳር ጠባቂ ሆነ፤ ዳቦ የያዘ ሰው በዚያ እንዲያልፍም አይፈቅድም። ሰው ከአማኑኤል ከተማ ድረስ ሊያያቸው መጣ። ክርክርም ተነሣ። አንዱ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም፣ እነዚህ ደግሞ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም አለ። ሌላው፣ በዓመቱ የሚወልድ እንዴት ሕፃን ይባላል ብሎ ረታው። የነፍሰ ጡሯ ነገር ግን ሳይፈታ ቀረ፤ የትኛዋ እንደ ሆነች የሚለይ አልተገኘም። ደብረ ማርቆስ ያሉ ምግብ ቤቶችም ይህን ሰምተው በራቸው ላይ «ጿሚ ዓሣ አለ» ብለው ለጠፉ።

አካለ ወልድ እየሮጠ የኔታ ዘንድ ሄደ። ሰዓቱም ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህስ? የኔታ ጢማቸውን ይዘው፣ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው፣ እሱን ችለው ከጾሙት የፋሲካ ዕለት ቤትህ መጥቼ እቀምሳለሁ አሉ። ይህንንም ያሉት አይችሉትም ብለው ነው። አካለ ወልድ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ለአመተ ማርያም ሲነግራት፣ ለፋሲካ እርግጥ አባዬ ይመጣሉ ብላ ጠየቀችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ በራ። አገር ሁሉ ዶሮ በሚበላበት ቀን እሷ አባቷን ዓሣ ልታበላ ነው፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ዐቢይ ጾም ገባ። ዓሦቹም ወፈሩ።

ይህ እውነት ነው። በደጋ አገር ውኃው ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ዓሣው ይደነዝዛል፣ የተሰጠውን ሳይበላ ምግቡ ሰምጦ ይበሰብስና ውኃውን ያበላሻል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ሞቅ አድርጋዋለች፤ ቀኑን ሙሉ የተራበ ዓሣ የተጣለለትን አንዱን ሳያስቀር ይለቅማል። አገሩ ይህን የጾሙ በረከት ነው አለ። ኃይለ ሚካኤል የአልጌው ዘይት ውጤት ነው ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ዓሦቹ አልተጠየቁም።

ሪፖርቱ ያማረ ስለ ነበር ጎብኚ አስከተለ። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነጫጭ መኪኖች አቧራ እያስነሡ ከአስፋልቱ ወደ ኩሬው ወረዱ። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የመጡ እንግዶች አሉበት፤ ቪዲዮ የሚያነሣም አለበት። በኩሬው ላይ «ዘላቂ መኖ ለዘላቂ ሕይወት» የሚል ባነር ተዘረጋ። ኃይለ ሚካኤል ጥቂት ንግግር አደረገና ዓሦቹ ሲመገቡ እናያለን ብሎ ወደ አካለ ወልድ ዞረ።

አካለ ወልድ ባልዲውን ይዞ ቆሟል። ከበስተኋላው ፈንታ ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ከፈንታ በስተኋላ ከቅዳሴ በፊት ነጠላዋን አጣፍታ የመጣች አገር ቆማለች። ጠጋ ብሎ ለኃይለ ሚካኤል በጆሮው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጠብቁ ምን አለበት አለው። ኃይለ ሚካኤል አልገባውም። አካለ ወልድ ደገመለት። ዓሦቹ እየጾሙ ነው።

ኃይለ ሚካኤል ፊቱ ላይ ለእንግዶቹ ያዘጋጀውን ፈገግታ ሳያነሣ በጥርሱ መካከል ተናገረ። «እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ምሳ አላቸው።»

«ዓሦቹ የላቸውማ» አለ አካለ ወልድ።

የተከላከለው እስከዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባልዲውን ወንዝ ይጥለው ነበር፤ አካለ ወልድ ግን ዘይቱን ከማን እንደሚያገኝ ያውቃል። ደም የሌለበት መኖ ያለ ዘይቱ የለም፣ ያለዚያ መኖ ፋሲካ የለም። ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ኃይለ ሚካኤል ባልዲውን ከእጁ ወስዶ ያለውን በሙሉ ኩሬው ላይ ገለበጠው። ዕለቱ ሞቃት ነበርና ውኃው ፈላ። ዓሦቹ እርስ በርስ እየተሻሙ፣ እየዘለሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ በሉ። ያን ያህል ሳምንት የጾመ ሰው እንኳ እንዲህ አያሳፍርም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ የውጭ አገሩ ሰው አውራ ጣቱን አሳየ፣ ቪዲዮ አንሺው ደግመው ይበሉ ብሎ ለመነ።

ፈንታ ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ።

«ገደፉ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ መርዶ።

መኪኖቹ ሳይርቁ ወሬው ሉማሜ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ ደረሰ። ጿሚ ዓሣ ብሎ የለጠፈ ሁሉ መለጠፊያውን ነቀለ። አንዳንዱ በጉልበት የበላ አልገደፈም ብሎ ተከራከረ፤ ሌላው ሲሻሙ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደዳቸውም አለ። አካለ ወልድ ይህን ሁሉ አልሰማም። የሚያየው በሩ ላይ የቆመችውን አመተ ማርያምን ብቻ ነው። ያ ሰሞኑን የበራው ፊቷ እንደ ድሮው ጠቁሮ ነበር፤ እሱን ማየት አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ የኔታ ጎጆ ሄደ። የኔታ መቋሚያቸውን አጠገባቸው አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቻቸው ቁራሽ ፍለጋ ወጥተው ብቻቸውን ነበሩ። አካለ ወልድ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ልክ ቅኔ ያጠፋ ጊዜ ይቆም እንደ ነበረው ሆኖ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። መኖውን የጣለው እሱ አለመሆኑን፣ የጣለውም ሰው የጾም ነገር የማይገባው መሆኑን አስረድቶ፣ የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ጭራሽ ሙሉ ቀን ምንም ሳይሰጥ ቢያከፍላቸው ይካካስ እንደ ሆነ ጠየቀ። ቀኖና ካለም ይስጧቸው፤ ስግደት እንኳ ባይችሉ ሌላ ነገር አይታጣም።

የኔታ ሰምተው ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

«አካለ ወልድ» አሉ። «እኔ ዓሣ አልወድም።»

አካለ ወልድ በደንብ ያልሰማ መስሎት ቀና አለ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ሽታው አይሆነኝም።»

«ደሙስ የኔታ? ሰዓቱስ?»

«ምን ልበልህ? አልወድም ብልህ ሙያህን የናቅሁ ይመስልሃል። ተሳክቶለት ሥራ ያዘ ብዬ ደስ ያለኝ እኔ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ምክንያት ስሰጥህ ትተዋለህ ብዬ ነበር። አንተ የሰጠሁህን ምክንያት ሁሉ እያቃናህ መጣህብኝ።» ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ፊት ሆነ፤ የደከመው ሽማግሌ ፊት ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ‹ዓሣዬን ይብሉልኝ› አልኸኝ። ‹ቤቴ ገብተው እህል ይቅመሱ› ያልኸኝ ቀን የለም። ሽሮ ብታቀርብልኝ የዚያኑ ቀን በልቼ ነበር እኮ። እኔም ልጅ አለችኝ፤ እጇን መቅመስ ናፍቆኛል።»

አካለ ወልድ አፈረ፤ ያፈረውም በዓሦቹ አይደለም። እነዚያን ዓመታት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቢያያቸው አማቹን ሳይሆን ዓሣውን ሲጋብዝ ነው የኖረው። ዓሣው እንዲበላ ደሙን አስቀረ፣ ዘይት ከባሕር ማዶ አስመጣ፣ የሚዋኝ ፍጥረት አስጾመ፤ ሚስቱ ሌላ ነገር ልሥራ ስትለው ግን አላዳመጣትም። የተቀየመ ሰው በሌለበት ቂም ሲያበርድ መኖሩ ገባው።

«ሽሮ አለ» አለ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል አይደል?» አሉ የኔታ፤ እየተነሡ።

አብረው ቁልቁል ወረዱ። አመተ ማርያም አባቷን በዚያ ሰዓት ስታይ ደነገጠች፤ ዓሣ አልተሠራም አለች እየተርበተበተች። አካለ ወልድ ሽሮ ሥሪ አላት። ቆማ አየችው። ሽሮ፣ አላት ደግሞ፣ እኔም ብሆን ዓሣ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ዘይት በቤቱ የዓሦቹ ብቻ ነበርና ሽሮው ያለ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ ተሠራ።

ገና እየቆረሱ ሳሉ ፈንታ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አገሩ ነው የላከው። ዓሦቹ ነገስ ይጾማሉ ወይስ ከገደፉ ወዲያ ይለቀቃሉ? የኔታ ጉርሻቸውን እስኪውጡ ድረስ አስጠበቁት። ከዚያም ዓሣ ጾም እንደሌለበት፣ ኖሮበትም እንደማያውቅ፣ ያን ጊዜ የተናገሩት ሁሉ የራሳቸው ስሕተት እንደ ሆነ በግልጽ ተናገሩ። ፈንታ በአክብሮት አዳመጣቸው። ወጥቶ ደጅ ለሚጠብቁት ግን፣ የኔታ በጾሙ ደክመዋል፣ ዛሬ አይጠየቁ ብሎ ነገራቸው፤ ዱላውንም አንሥቶ ኩሬው ዳር ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያ ኩሬ ያሉትን ዓሦች ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚያበላቸው ደፋር ከዚያም ወዲህ አልተገኘም። በርሜሉ ባለቀ ጊዜ ፕሮጀክቱም አብሮ አለቀ፤ አካለ ወልድ አረንጓዴውን መግፈፍ ተወ፣ ዓሦቹም እሱን በድብቅ ጠዋት ጠዋት እንደሚገድፉበት ያየ የለም።

ያን ዕለት ግን የኔታ በሉ። አጎንብሰው፣ ከዳር እስከ ዳር በሉ፤ ጨምሪልኝም አሉ። አመተ ማርያም ጨመረችላቸው። ሲጨርሱ ትሪውን አንሥታ ጓዳ ገባች። አባቷና ባሏ ውኃ እንድታመጣላቸው ሁለቴ ጠሯት፤ ቶሎ መውጣት ግን አልቻለችም።